ካርቦኑ ካልታየ ቱቦው አልገባም

ሰመመን በምንሰጥ ባለሙያዎች ዘንድ ከሁሉ የሚያስፈራው ስህተት በአየር ቧንቧ መግባት የነበረበት ቱቦ በምግብ ቧንቧ ሲገባ ነው። ደረት ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ቱቦው ውስጡ እንፋሎት ይቋጥራል፤ በማዳመጫም አየር የገባ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ታካሚው አስቀድሞ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ስለሳበ፣ ጣቱ ላይ ያለው መለኪያ ለደቂቃዎች 99 እያለ ሊቆይ ይችላል። ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ባክኗል።

የማያታልለው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋዙ ኢንፍራሬድ ጨረር ይውጣል፤ ይህን ጆን ቲንዳል በ1859 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሙከራ አሳይቷል። ካፕኖግራፍም የሚሠራው በዚሁ ነው፦ በትንፋሹ ውስጥ ጨረር አሳልፎ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ያነባል። ካርቦን እንዲታይ ሰውነት ማምረት፣ ደም ወደ ሳንባ ማድረስ፣ ሳንባም ወደ ውጭ ማስወጣት አለበት። ሦስቱን በአንድ መስመር የሚያሳየኝ ሌላ መሣሪያ አላውቅም።

ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃኝም፤ ቅርጹን ማየት እፈልጋለሁ። ጤነኛ ትንፋሽ ስክሪኑ ላይ እንደ አምባ ነው፦ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ አናቱ ሜዳ ይሆናል፣ ገደል ሆኖ ይወርዳል። አስም የተነሳበት ሰው ላይ መውጫው እየተንጋደደ ዳገት ይሆናል። በሰመመን ማሽኑ ውስጥ ካርቦን የሚውጠው «ሶዳ ላይም» የተባለው ኬሚካል ሲያልቅ መስመሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ታካሚው ያስወጣውን መልሶ እየሳበ ነው። መደበኛው ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቢሆንም፣ ለመውለድ የደረሰች እናት በተፈጥሮዋ ብዙ ስለምትተነፍስ የእሷ ወደ 30 ይጠጋል። እሷ ላይ 40 ካየሁ ማሽኑ ከለመደችው በታች እያስተነፈሳት ነው።

ልምድ ያካበተ ሰው «ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ» ሲል ማመን ይቀናናል። እኔ ግን ዓይንን ከመስመሩ አላስበልጥም። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ ቢያንስ በ7 ትንፋሽ የማይጠፋ ካርቦን ይታይ ይላል። ምክንያት አለው፤ አምቦ ውኃ የጠጣ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለው ጋዝ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ትንፋሾች ሊያስመስል ይችላል፣ ከዚያ ይጠፋል።

አንድ ሰበብ ደግሞ አጥብቄ እቃወማለሁ፦ «መስመሩ የጠፋው ልቡ ስለቆመ ነው» የሚለውን። ደረቱ በደንብ እየተጫነ ከሆነ ዝቅ ያለም ቢሆን ካርቦን ይታያል። ጭራሽ ከሌለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱቦው ነው። ከ10 በታች ሲሆን የሚጫነው ሰው ደክሞ እንደሆነ አይተን እንቀይራለን፤ ድንገት ወደ 40 ሲዘል ደግሞ ልብ መመለሱን ብዙ ጊዜ የደም ሥር ከመዳሰሳችን በፊት ይነግረናል።

የኦክስጅን መለኪያ በአገራችን ቀዶ ሕክምና ክፍሎች ተለምዷል፤ ካፕኖግራፍ የሌለባቸው ግን ገና ብዙ ናቸው። የዕቃ ግዢ ዝርዝር በእጃችሁ የሚያልፍ ኃላፊዎች፣ ቅርጹን የሚያሳየውን ከነመለዋወጫ ቱቦው ጻፉት። ቀጭኗ ቱቦ በእርጥበት ከተደፈነች መሣሪያው ኖረም አልኖረም አንድ ነውና፣ ታካሚው ከመግባቱ በፊት ራሳችን ተንፍሰንባት መስመሩ መነሳቱን እናያለን።