ለኡኡታ የደረሱ

አርሲ ውስጥ፣ ጎበሳ ከተማ ላቦራቶሪ ሥራ ስገባ ጣት መውጋት በአንድ ቀን ለመድኩ። ያስቸገረኝ ውጤት መናገር ነው፤ በተለይ «አልተገኘብህም» የሚለው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ወጣት፣ ልቅ ግንኙነት ባደረገ በስምንተኛው ቀን መጣ። የኤች አይ ቪ መመርመሪያው ላይ አንድ መስመር ብቻ ወጣ። «ነፃ ነህ» ብዬ ሸኘሁት። በሦስተኛው ወር ሲመለስ መስመሩ ሁለት ሆነ። የተሳሳተው መመርመሪያው አይደለም፤ አፌ ነው። መመርመሪያው የሚያየው ሰውነት የሚያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ እሱ ደግሞ እስኪበቃ ሳምንታት ይፈልጋል። ዊንዶው ፔሬድ የምንለው ይህንኑ ነው።

ያኔ በወጣቱ ሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበር ለሰው ለማስረዳት ዛሬ ኡኡታን አነሳለሁ። ኡኡታ ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ የለም፤ የአርሲ እናቶችማ ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው ነው የሚወጡት። ኤች አይ ቪ በብልት ስስ ሽፋን ሲያልፍ መጀመሪያ የሚይዘው ጥቂት ሴሎችን ነው። የሰፈሩ ዘቦች ግን ይጮኻሉ፤ ሲዲ4 የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ነቅተው ይደርሳሉ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ ቫይረሱ የሚፈልገው ደራሾቹን ነው። የተኛ ሴል ውስጥ እምብዛም አይራባም፤ የነቃው ሴል ግን ሲሲአር5 የሚባለውን መግቢያ በላዩ ይዞ፣ ለመራባት የሚያስፈልገውንም ሁሉ አሰናድቶ ይጠብቀዋል። ከዚያ ሊምፍ እጢ፣ ከዚያ አንጀት፤ የሲዲ4 ትልቁ መንደር አንጀት ነውና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙው እዚያ ያልቃል።

አንድ አዛውንት ይህን ሰምተው «ታዲያ ልጄ፣ ቀድሞውኑ ሰፈሩ የሚታወክ ሰውስ?» አሉኝ። ከሠልጣኞች እንኳ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ጥያቄው ደግሞ እኛኑ ይመለከታል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ቫይረሱ የሌለባቸውን ኢትዮጵያውያን ከኔዘርላንዳውያን ጋር ሲያነጻጽር የእኛ ሲዲ4 በቁጥር አነስ ብሎ፣ የነቁት ሴሎች ግን በዝተው ተገኝተዋል። እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ንቃቱን ከአንጀት ትል ጋር ያያይዙታል። ትል ኤች አይ ቪ ያመጣል ማለት ግን አይደለም፤ ሰው ይህን ቶሎ ያምታታል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአባላዘር ቁስል ነው፦ ሽፋኑን ከፍቶ፣ የነቁትን ሴሎች በሩ ላይ ሰብስቦ ይጠብቃል። «አባቴ፣ ቁስሉን ቶሎ ማሳከም ነው» አልኳቸው።

ያ ወጣት የመጣበት ስምንተኛ ቀን ግን ለፔፕ፣ ማለትም ከተጋለጡ በኋላ ለሚወሰደው መከላከያ መድኃኒት፣ ረፍዶ ነበር። መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። ከተጠራጠራችሁ በዚያው ቀን ኑ።