በልምምድ ቀን የሚሠራው ብሉቱዝ

ቲያትር ስታዩ መብራቱ በትክክለኛዋ ሰዓት ይጠፋል፣ ሙዚቃው ይገባል፣ ዲኮሩ ከላይ በገመድ ይወርዳል፤ ሁሉም በራሱ የሚሆን ይመስላል። አይደለም። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ስቴጅ ማናጀሩ፣ በሄድሴት "መብራት 42፣ ተዘጋጅ" ይላል። መብራት ላይ ያለው ልጅ "ዝግጁ" ብሎ ይመልሳል። ከዚያ "ሂድ!" ይመጣል። እነዚህን ሰዎች የሚያገናኘው መስመር ኢንተርኮም ይባላል።

የባለሙያ ገመድ አልባ ኢንተርኮም ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ብር ያጠራቸው ቡድኖች አንድ ብልሃት ይሞክራሉ፦ ሙዚቃ የሚሰሙበትን የብሉቱዝ ሄድሴት፣ ወገብ ላይ ከሚታሰረው የኢንተርኮም ሳጥን ጋር በትንሽ አስተላላፊ ማገናኘት። ሐሳቡን አልንቀውም፤ ብልጠት አለበት። ችግሩ የሚፈተንበት መንገድ ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዎች አድርገውት "ይሰማል?" "በደንብ!" ይባባላሉ፣ አለቀ።

መጀመሪያ ሊተካ የታሰበውን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመሠረተው ክሊር-ኮም ያስፋፋው ዓይነት ኢንተርኮም በአንድ ተራ የማይክ ኬብል ይሠራል። ውስጡ ካሉት ሦስት መስመሮች አንዱ መሬት ነው፣ ሁለተኛው 30 ቮልት ገደማ ኃይል ይወስዳል፣ ሦስተኛው የሁሉንም ሰው ድምፅ ይሸከማል። በቃ። ሁሉም አንድ መስመር ላይ ናቸው፤ አንዱ የተናገረውን ሌሎቹ እኩል ይሰማሉ። 50 ሜትር ኬብል ለማለፍ ድምፁን የተሸከመው ኤሌክትሪክ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ በታች ይበቃዋል።

ብሉቱዝ ግን ሁለት ጠባይ አለው። በሙዚቃ ጠባዩ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ መዘግየቱም ከ100 ሚሊሰከንድ ማለፉ የተለመደ ነው። በስልክ ጠባዩ ሁለት ሰው ያነጋግራል፣ መዘግየቱም ያንሳል፤ ጥራቱ ግን ይወርዳል። ስልክ ስታነሱ ሄድሴታችሁ ድንገት ከጣሳ ውስጥ የሚያወራ የሚመስለው ለዚህ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ አስተላላፊዎች አብዛኞቹ የሙዚቃውን ጠባይ ብቻ ያውቃሉ። ይህ ማለት ልጁ "ተዘጋጅ" ሲባል ይሰማል፣ "ዝግጁ" ብሎ መመለስ ግን አይችልም። ስቴጅ ማናጀሩ በምን ይወቅ?

አንዳንዶች ታዲያ በብሉቱዝ ሰምተው በባለገመድ ማይክ ይመልሳሉ። እዚህ ላይ ደስ የሚል ጉድ ይመጣል። በኢንተርኮም ስትናገሩ የራሳችሁም ድምፅ ወደ ጆሯችሁ ይመለሳል። ዘግይቶ ሲመለስ አንደበት ይተሳሰራል! ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ ተናጋሪን ዝም የሚያሰኝ መሣሪያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2012 ኢግ ኖቤል የተባለውን የቀልድ ሽልማት ወስደዋል። መሣሪያቸው ድምፁን ወደ ተናጋሪው የሚመልሰው በ200 ሚሊሰከንድ ገደማ አዘግይቶ ነው።

መዘግየቱ የዲዛይነሮች ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ብሉቱዝ የሚሠራው 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ነው፤ ዋይፋይም፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው አካባቢ አሉ። ስለዚህ ብሉቱዝ በ79 ጠባብ መስመሮች መካከል በሰከንድ 1600 ጊዜ እየዘለለ ይሸሻል። የጠፋ ቁራጭ ሲኖር ደግሞ ይልካል፣ ድምፁ እንዳይቆራረጥም ትንሽ ያጠራቅማል። መዘግየቱ አንድም ከዚህ ጥርቅም ነው የሚመጣው። በስልክ ጠባዩ ለመጠበቅ ጊዜ ስለሌለው፣ የጠፋው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ይቀራል።

አሁን አዳራሹን ሙሉት። 400 ሰው ቢገባ የብዙው ኪስ ውስጥ ዋይፋዩ ያልጠፋ ስልክ አለ። ሰውም ራሱ ትልቅ ክፍሉ ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድን ይመጣል። ትናንት በባዶ ወንበሮች ላይ ያለችግር ያለፈው ሞገድ ዛሬ በሰው ግድግዳ ውስጥ፣ በጫጫታ መካከል ይሄዳል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የተፈተነው ሌላ ቦታ ነበር ማለት ይቻላል።

ብዙም የማይነሳ ሌላ ነገር አለ፤ ሹክሹክታ። ከመድረክ ጀርባ ማንም አይጮህም። ስናንሾካሹክ የድምፅ አውታራችን አይርገበገብም፤ የሚወጣው የአየር ፉጨት ነው። የዘመኑ ሄድሴት ደግሞ ፉጨት መሰል ድምፅን "ጫጫታ ነው" ብሎ እንዲያጠፋ ተሠርቷል። ከዚህ በላይ ሁለቱንም ጆሮ ይደፍናል። የቲያትር ሄድሴት ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ጆሮ የሆነው ሌላኛው ጆሮ መድረኩን እንዲሰማ ነው፤ ከላይ ብረት እየወረደ "ጭንቅላት!" ብሎ የሚጮህ ሰው ቢኖር መሰማት አለበት።

ስለዚህ ፍርዴ እንደ ሰውየው ይለያያል። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያዳምጥ አዘጋጅ ብሉቱዝ ያድርግ፣ ቢቆራረጥበት ማንም አይጎዳም። ዲኮር የሚያወርደው ልጅ ግን በፍጹም። ለእሱ ሽቦ ያለው ርካሽ ሄድሴት ማስተካከል ይሻላል። ያም ቢሆን እንዲሁ ተሰክቶ አይሠራም፤ የኮምፒውተር ሄድሴት ማይክ ጥቂት ቮልት ይፈልጋል፣ የኢንተርኮም ሄድሴት ማይክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኃይል የሚሠራ ነው። ክፍተቱን ጥቂት ብር የሚያወጡ ሬዚስተርና ካፓሲተር ይሞሉታል፤ ብየዳ ለሚለማመድ ልጅ ጥሩ ሥራ ነው።

ገመድ አልባ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ደግሞ የቢሮ ስልክ ሠራተኞች የሚጠቀሙት ዴክት የሚባለው ሄድሴት አለ። የሚሠራው 1.9 ጊጋኸርትዝ አካባቢ፣ ከዋይፋዩ ግርግር ውጪ ነው፤ በርካታ የባለሙያ ገመድ አልባ ኢንተርኮሞችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። የተፈቀደው ሞገድ ግን እንደየአገሩ ስለሚለያይ፣ ለአውሮፓ የተሠራውን አሜሪካ ውስጥ መክፈት አይፈቀድም። የገዛችሁትን ደግሞ ታዳሚው ከነስልኩ ገብቶ በተቀመጠበት ምሽት፣ ከዲኮሩ ገመድ ራቅ ያለ ሰው ጆሮ ላይ ሞክሩት።