የተማሪው መጠይቅና የእናቲቱ ደጅ

በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ በማሰማራት በአገራችን ፈር ቀደደ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን የሥርዓተ ትምህርቱ ምሰሶ አደረገው። በዚህ መርሕ መሠረት ተማሪው መንደር ወጥቶ ችግሩን ያጠናል፣ ያቅዳል፣ ይሠራል፣ ውጤቱንም ይመዝናል። መርሑ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ጥናቱ የቀሩትን ሦስቱን ሲውጣቸው ነው።

በእንግሊዝኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ መጠይቅ በጅማ ገጠር በአስተርጓሚ አንደበት ወደ አፋን ኦሮሞ ይገባል። «መጸዳጃ ቤት አላችሁ?» የሚባሉ እናት እንግዳ እንዳይከፋው «አለን» ይላሉ፤ የጓሮው ጉድጓድ ግን የሸረሪት ድር ያደራበት ሊሆን ይችላል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ የተረገጠ መሆኑን፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃም በአጠገቡ መኖሩን ያየ ተማሪ ከመጠይቁ የማያገኘውን ያገኛል። ለማየት ግን ጓሮ ድረስ መዝለቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ የከፋው ሌላ ነው። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ የያዘው ሕፃን አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ዓይኑ የጎደጎደ ሕፃን በእናቱ እቅፍ እያለ ተማሪው ምልክቱን አኑሮ ወደ ቀጣዩ ደጅ ካለፈ ምን ተማረ? ተማሪ ለመማር እንጂ ለማከም አልሄደም የሚል መከላከያ ይቀርባል። ሆኖም ኦ.አር.ኤስ. ከንጹሕ ውሃ ጋር እንዴት እንደሚበጠበጥ ከእናቲቱ ጋር ሠርቶ ማሳየት፣ አደገኛ ምልክት ያለበትንም ሕፃን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ራሱ ትምህርት ነው። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ነጥቡ ለተጠረዘው ሪፖርት ብቻ በሚሰጥበት ቦታ ተማሪው ገጽ ቢቆጥር አይፈረድበትም።

የወቅቱም ነገር አለ። አንዱ ቡድን በበጋ፣ ሌላው በክረምት የሰበሰበውን የተቅማጥ አኃዝ እንደ ዋዛ አነጻጽሮ «ለውጥ መጣ» ማለት የዝናቡን ሥራ ለራስ መቁጠር ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዘዋወራሉ፤ በጤና ኬላም የየቤተሰቡ ማኅደር ይያዛል። የተማሪዎቹ ግኝት እዚያ ካልደረሰ፣ በቀበሌው ስብሰባም በነዋሪው ቋንቋ ካልተነገረ፣ የሚቀረው በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ቡድንም ያንኑ ደጅ አንኳኩቶ እናቲቱን ስንት ልጅ እንዳላቸው እንደ አዲስ ይጠይቃል።