«ይገነዘባሉ»

የመምህራንን የዕለት ትምህርት ዕቅድ ደብተር ገልጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አጋጣሚው ሲገኝ መግለጥ እወዳለሁ። በፋርታም ሆነ በጋይንት በኩል ሳልፍ መምህራን ወዳጆቼ ደብተራቸውን አይከለክሉኝም። ታዲያ የትኛውንም ብገልጥ የማገኛቸው ቃላት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። «ከዚህ ትምህርት በኋላ ተማሪዎች ስለ አፈር መሸርሸር ይገነዘባሉ።» «ስለ ክፍልፋይ ይረዳሉ።» «የግጥምን ውበት ያደንቃሉ።» «ስለ ግል ንጽሕና ያውቃሉ።» ይገነዘባሉ፣ ይረዳሉ፣ ያደንቃሉ፣ ያውቃሉ። እነዚህ አራት ወንድማማቾች ተማሪውን ከአንደኛ ክፍል ተቀብለው እስከ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ያጅቡታል።

ቃላቱ በራሳቸው ክፉ አይደሉም። ልጅ ቢገነዘብ፣ ቢረዳ ማን ይጠላል? ችግራቸው መውደቅ አለማወቃቸው ነው። «ይገነዘባሉ» ተብሎ የታቀደ ትምህርት ከሽፎ አያውቅም። መምህሩን ከክፍል ሲወጣ ያዙና «ተገነዘቡ?» በሉት። «አዎ፣ ተገንዝበዋል» ይላችኋል። «በምን አወቅህ?» ስትሉት «‹ገባችሁ?› ብዬ ስጠይቃቸው ‹አዎ› አሉኝ» ይላል። እናንተዬ፣ «ገባችሁ?» ሲባል «አልገባንም» ብሎ የሚጮኽ ክፍል በዚህ አገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል ይኼ ነው።

ነገሩ ዓለም ተነጋግሮ የጨረሰው ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 የዕውቀትን ደረጃዎች ከማስታወስ እስከ መገምገም በስድስት ከፍለው አስቀመጡ። ሮበርት ሜገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ጉዳዩን ወደ ሦስት ጥያቄዎች አወረደው። ተማሪው ምን ሲያደርግ እናያለን? በምን ሁኔታ ውስጥ ሆኖ? ምን ያህል ቢያደርግ ይበቃናል? ይኼ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆቻችን የሚሰጥ ትምህርት ስለሆነ ለመምህር አዲስ ነገር አይደለም። ተፈትኖበትም አልፏል። ምን ያደርጋል፣ እሱም ተገንዝቦት ነው መሰለኝ የወጣው!

እስቲ የአፈር መሸርሸሯን ዕቅድ እንያት። የጉና ተራራ ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው አፈሩን እያጠቡ ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ይወርዳሉ። የጉና ሥር ልጅ የአባቱ የገብስ ማሳ በየክረምቱ ሲሳሳ እያየ ያደገ ነው። ይህን ልጅ አስቀምጦ «ስለ አፈር መሸርሸር ትገነዘባለህ» ማለት ለዓሣ ስለ ውሃ እንደ መስበክ ነው። ዕቅዱ እንዲህ ቢጻፍስ? «ተማሪው ከትምህርት ቤቱ በላይ ባለው ተዳፋት ጎርፍ የሚጀምርባቸውን ሁለት ቦታዎች ያሳያል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ምክንያት ይናገራል፤ እርከኑ በየት በኩል ቢያልፍ እንደሚሻል ሥሎ ያስረዳል።»

አሁን ማምለጫ የለም። ልጁ ሁለቱን ቦታዎች ያሳያል፣ ወይም አያሳይም። ካላሳየ ነገ እንደገና ይማራል። ልብ በሉ፣ ዓላማው ሲለወጥ ትምህርቱም አብሮ ተለወጠ። በመጀመሪያው ዕቅድ መምህሩ ጠመኔውን ይዞ «የአፈር መሸርሸር ማለት…» እያለ ትርጉም ያስጽፋል። በሁለተኛው ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ተዳፋቱ መውጣት ግድ ይሆንበታል። አንዲት ግሥ መምህሩን ከሰሌዳው አንሥታ ሜዳ ላይ አወጣችው ማለት ነው።

«ይኼ የቃላት ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፍ የሚፈልግ ሰው ቁጥሮቹን ይመልከት። በ2002 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በበርካታ ክልሎች የተማሪዎች የንባብ ችሎታ ተለክቶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አንዲት ቃል! እነዚያ ልጆች አንደኛ ክፍልን አልፈው የመጡ ናቸው። አንድ ሰው «ፊደላትን ያውቃሉ» ብሎ ፈርሞላቸዋል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን በታችኞቹ ክፍሎች ልጅ እንዳይወድቅ የተደረገው በየጊዜው እየተመዘነ፣ የጎደለው እየተሞላለት እንዲሄድ ታስቦ ነበር። ምዘናው ቀረና ማለፉ ብቻ ተረፈ።

ውጤቱን ከዓመታት በኋላ አየነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠና ኩረጃው ሲቀንስ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ተመስገን ነው፤ ግን ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ልጅ አሁንም ከመስመሩ በታች ነው። አንድ ፈተና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልፋትን አይመዝንም የሚል ክርክር አለ፤ እውነትነት አለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ነገር ነው። እነዚህ ልጆች «አልቻልክም» የሚል ቃል መጀመሪያ የሰሙት በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ በየዓመቱ ሲገነዘቡ ነው የኖሩት።

ታዲያ መምህሩ ሰነፍ ስለሆነ ነው? አይደለም። አንድ ወጣት መምህር ይህንኑ ሳነሣበት ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ዕቅዱን የሚያየው እኮ ተማሪው አይደለም፤ ሱፐርቫይዘሩ ነው» አለኝ። ነገሩ በዚህች መልስ አለቀ። ዕቅድ የሚጻፈው ለፊርማ ነው። ርዕሰ መምህሩ ይፈርማል፣ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ቀኑና ፊርማው መኖሩን ያያል፣ ሪፖርቱ ወደ ወረዳ ይሄዳል። ስልሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል የያዘ መምህር፣ ያቀደው ሳይሳካ ቀርቶ የሚመጣበትን ግምገማ ከሚጋፈጥ፣ የማይወድቅ ግሥ መምረጡ ብልጠት እንጂ ስንፍና አይደለም። ከላይ የሚወርደው ሰነድ እኮ በአንጻሩ ደህና ነው። በየክፍሉ ተማሪው ቢያንስ ሊደርስበት የሚገባው ብቃት በመርሐ ትምህርቱ ተዘርዝሯል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጉና ሥር እስኪደርስ ድረስ ነው የሚሟሟው።

አንዳንዶች ደግሞ «ይህ የፈረንጅ ዘዴ ነው፤ ለእኛ አይሆንም» ይላሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። ደቡብ ጎንደር ለዚህ ዘዴ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ቤቱ ነው።

የቆሎ ተማሪውን ቤት አስቡት። ልጅ ሀሁን በተራ ቆጥሮ ሲጨርስ ወደ አቡጊዳ ይገባል። አቡጊዳ ምንድን ነው? የፊደሉ ተራ የተዘበራረቀበት ገበታ ነው። ልጁ ሀሁን እንደ ዘፈን በቃሉ ይዞት እንደሆነ፣ ወይም የእውነት ፊደሉን ለይቶት እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። የኔታ ስንደዶዋን ይዘው መሐል ገበታው ላይ ያለችውን አንዷን ፊደል ጠቆም ያደርጋሉ። ልጁ ያላታል፣ ወይም አይላትም። ከዚያ ንባቡ በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ፣ በቁም እየተባለ በደረጃ ይሄዳል። አንዱን ያልወጣ ሌላውን አይጀምርም። አንድ የኔታን «ልጁ ማወቁን በምን ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው እንደ ሞኝ ዐይተውኝ፣ «ሲለው እሰማዋለኋ፣ ልጄ!» አሉኝ። ሜገር በመጽሐፍ የጻፈውን የኔታ በአንድ ቃል ጨረሱት።

ከፍ ስንል ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ድጓ ተምሮ የጨረሰ ሰው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ደግሞ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ሁለቱም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ናቸው። የሚፈትነው ያስተማረው መምህር ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉልኝ። የተማሪው ዕውቀት ሌላ ጆሮ ፊት ይቀርባል። የሚጠየቀውም ድብቅ አይደለም፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምን ይዞ መቅረብ እንዳለበት ያውቀዋል። መንገዱ ሲረዝምበት ይረዝማል እንጂ የት እንደሚደርስ ግልጽ ነው።

«የሚለካ ውጤት ብቻ ካልን የልጁን ፈጠራ እንገድላለን፤ ውበት በሜትር አይለካም» የሚል ተቃውሞም አለ። ይህ ከባዱ ተቃውሞ ስለሆነ በቀልድ አላልፈውም። መልሱን ግን ቅኔ ቤት አገኛለሁ። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከፍ እያለ ሄዶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። ዜማው ልኩን መምታት፣ ቤቱ መግጠም፣ የግዕዙ ሰዋስው መስተካከል፣ ምሥጢሩም ከሰው ያልተዋሰ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ መለኪያ ነው፤ የሚለካው ግን ፈጠራ ነው። ሲበላሽ መምህሩ የቱ ጋ እንደ ተበላሸ ነግረው ያቀኑታል። «የቅኔን ውበት ያደንቃሉ» የሚል ዕቅድ በቅኔ ቤት ቢነገር ተማሪዎቹ የሚስቁበት ይመስለኛል። ማድነቁ ከመሥራቱ ጋር ይመጣላ!

የቆሎ ትምህርት ቤቱን ግን ያለ እንከን አድርጌ አልስልም። ጊዜው ገደብ የለውም፣ ዱላው አይረሳም፣ ሴቶች ልጆች በአብዛኛው ውጪ ቀርተዋል፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጁ የሚያነበውን ግዕዝ ትርጉሙን ሳያውቅ ነው የሚያነበው። እንውሰድ የምለው ዱላውን ሳይሆን ስንደዶዋን ነው።

ግልጽነት ብቻውንም አይበቃም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን የእጅ ባለሙያዎች እዚያ አስቀምጠው መድፍ አሠሩ፤ የአገር ልጆችም ከእነሱ ሥር ሆነው ፊደልና ሙያ ተማሩ። የንጉሡ ዓላማ ከማንኛውም ዕቅድ በላይ የሚለካ ነበር። ሴባስቶፖል በ1850ዎቹ መጨረሻ ተሠራ፣ ዓላማው ተመታ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ግን ንጉሡን አላዳናቸውም። ስለዚህ «ይለካል ወይ?» ብለን ስንጨርስ «ይህ የምንለካው ነገር ለልጁ ይረባዋል ወይ?» ማለት አለብን። አለበለዚያ ለመለካት የሚቀለውን ብቻ እየመረጥን «አምስት የአፈር ዓይነቶችን ይዘረዝራል» እያልን ልጁን ቆጣሪ እናደርገዋለን። መዘርዘርም እኮ የሚለካ ግሥ ነው፤ ዘርዝሮ ሲጨርስ ግን እርከን የት እንደሚሠራ ላያውቅ ይችላል።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የደቡብ ጎንደር ልጅ ያለፉት ዓመታት አልቀኑትም። በመጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ እስከ ጋይንት ዘለቀ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ተቋርጦበት የሚመለስ ልጅ ስንተኛ ክፍል ይግባ? ዕድሜው አምስተኛ ክፍል ይላል፤ የመጨረሻው ካርዱ ሦስተኛ ክፍል ይላል። ካርዱ ላይ ያለው «ስለ ክፍልፋይ ተረድቷል» ብቻ ከሆነ የሚቀበለው መምህር ምን ይዞ ይጀምር? «አንድ ገጽ ያነባል፣ ያነበበውን በራሱ ቃል ይናገራል፣ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ይቀንሳል፣ ማካፈል ገና ነው» የሚል ወረቀት ቢኖረው ግን ሥራውን በማግሥቱ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለሰላም ጊዜ የሚቀመጥ ቅንጦት አይደለም። ብዙ ለተቋረጠበት ልጅ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ወላጆች ሲሰበሰቡ፣ ስለ መዋጮና ስለ አጥር ከመነገሩ በፊት፣ መምህሩ ይነሣና በአማርኛ፣ ገበሬው በሚሰማው አማርኛ፣ አምስት ነገር ያንብብ። «ልጃችሁ እስከ ገና ድረስ ይህን ይህን ያደርጋል» ይበል። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ማታ ምድጃው አጠገብ ልጇን «እስቲ የቅዳሜውን ገበያ ሒሳብ አስላልኝ፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ድንች ሸጠን መልሱ ስንት ነው?» ብላ ታረጋግጣለች። «ይገነዘባል» የተባለላትን ግን በምን ታረጋግጠው?

ሱፐርቫይዘሩም ቢሆን ደብተሩን ከመፈረሙ በፊት አንድ ልጅ ይጥራና ዕቅዱ ላይ የተጻፈውን እንዲያደርግ ይጠይቀው። ልጁ ካደረገው ይፈርም። ካላደረገው ደግሞ መምህሩን ከመገምገሙ በፊት ቁጭ ብሎ ያግዘው፤ አለበለዚያ መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት ወደማይወድቁት አራት ግሦች መመለሱ አይቀርም።