ሠርቶ ማሳያ ወይስ ትርዒት?
የምርምር ኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በጉባዔ መድረክ ስለሚቀርቡበት ልማድ የቀረበ ሂስ

በትምህርት ሥራ «ሠርቶ ማሳያ» የሚባለው ዘዴ ሁለት ደረጃዎች እንዳሉት ማንኛውም መምህር ያውቃል። በመጀመሪያው መምህሩ ሠርቶ ያሳያል፤ በሁለተኛው ተማሪው ራሱ ይሠራል። ሁለተኛው ከተዘለለ የተፈጸመው ማስተማር ሳይሆን ማስደነቅ ነው። ለምርምር ተግባር የሚዘጋጁ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በምሁራን ጉባዔ ላይ የሚቀርቡበትን ልማድ በዚህ ሚዛን ለመረመረ ሰው፣ የመጀመሪያው ደረጃ እየተራቀቀ ሲሄድ ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ መቆየቱ ግልጽ ይሆንለታል።

ዓይነተኛው ምሳሌ ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ፣ በመጸው የጋራ ኮምፒዩተር ጉባዔ ላይ ያቀረበው ነው። ኤንግልባርት በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከባልደረቦቹ ጋር የሠራውንና «ኤን ኤል ኤስ» የተባለውን ሥርዓት 1,000 ለሚሆኑ ተሰብሳቢዎች ለ90 ደቂቃ ያህል አሳየ። ኮምፒዩተሩ ራሱ በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሜንሎ ፓርክ ሆኖ በማይክሮዌቭና በስልክ መስመር ከመድረኩ ጋር ተገናኝቶ ነበር። በትምህርት ቤት አዳራሽ የፕሮጀክተር አምፑል ተቃጥሎበት የሚያውቅ መምህር የዚያን ቀን ድፍረት ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

የአቀራረቡ ብልህነት የሚደነቅ ነው። ኤንግልባርት የተወሳሰበ የሒሳብ ቀመር አላስቀደመም። የመረጠው ተራ የገበያ ዝርዝር ነበር፤ የሚገዙትን ነገሮች ጻፈ፣ በየዓይነታቸው መደበ፣ ከዚያም ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ በንድፍ አሳየ። ዛሬ «ማውዝ» የሚባለውን መሣሪያ በቀኝ እጁ እያንቀሳቀሰ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ተሸጋገረ፤ በሜንሎ ፓርክ ከተቀመጠ ባልደረባውም ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ በአንድ ጽሑፍ ላይ አብረው ሠሩ። ተሰብሳቢው ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። ጭብጨባው ተገቢ ነበር።

ሆኖም ተሰብሳቢው ያየው ሥርዓቱን ለዓመታት የተለማመደ ሰው እጅ ነው። በኤንግልባርት ግራ እጅ ሥር አምስት ቁልፎች ብቻ ያሉት ሰሌዳ ነበር፤ ቁልፎቹን በተለያየ ጥምረት በመጫን ፊደል ይጻፍበታል። በመድረኩ ላይ ይህ እንደ ቀላል ነገር ታየ፤ ለጀማሪ ግን ጥምረቶቹን በቃል መያዝ ድካም ነው። መድረክ ችሎታን ያሳያል እንጂ ችሎታው የተገኘበትን ልፋት አያሳይም። የጉባዔው መርሐ ግብር ከገለጻው በኋላ ከሥርዓቱ ጋር የተያያዙ ጣቢያዎች በተለየ ክፍል ሊታዩ እንደሚችሉ ማስታወቁ ለአቅራቢዎቹ ምስጋና የሚያሰጥ ነው፤ ነገር ግን ቃሉ «ሊታዩ» የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ማውዙ በሌሎች ተቋማት እጅ ተሻሽሎ ዓለምን አዳረሰ። ባለ አምስት ቁልፉ ሰሌዳ ግን ተረሳ፤ በኅብረት ለማሰብ የታለመው ሥርዓትም በ1970ዎቹ መጨረሻ ለንግድ ኩባንያ ተላለፈ። ለዚህ ሁሉ ሠርቶ ማሳያውን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይገባም፤ የገንዘብ ድጋፍ መቀነሱም የራሱ ድርሻ ነበረው። ይሁን እንጂ ተመልካቹ ከአዳራሹ ይዞ የወጣው በዓይን የሚያዘውን ክፍል መሆኑ አያጠራጥርም።

ከኤንግልባርት በኋላ የመጡት አብዛኞቹ አቅራቢዎች የእርሱን ድፍረት ሳይሆን የእርሱን መድረክ ወረሱ። በጥቂት ደቂቃዎች ገለጻ ውስጥ አስቀድሞ የተቀረጸ ፊልም ይታያል፤ ምሳሌው በራሱ በአቅራቢው የተመረጠ ነው፤ ፕሮግራሙ «በቅርቡ ይሰራጫል» ይባላል። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከበር የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ውጤታቸው በፕሮግራም ላይ የተመሠረተ 402 የኮምፒዩተር ሳይንስ ጽሑፎችን መረመሩ። ፕሮግራሙን አግኝተው በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሥራ ዝግጁ ሊያደርጉት የቻሉት ለ32.3 በመቶዎቹ ብቻ ነበር። ውጤቱ ትክክል መሆኑን መመርመር ደግሞ የጥናቱ ዓላማ እንኳ አልነበረም። ተመራማሪ የማይከፈት መሣሪያን አምኖ የጥናት ዕቅዱን ቢነድፍ የሚባክነው የእርሱ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በሃንጋሪ፣ በሴገድ ከተማ በተደረገው የሶፍትዌር ምህንድስና ጉባዔ የተጀመረው አሠራር ለዚህ ጉድለት የተሰጠ ከባድ መልስ ነው። ጽሑፋቸው ተቀባይነት ያገኘ ተመራማሪዎች ከፈለጉ ፕሮግራማቸውን ለተለየ ኮሚቴ ያስረክባሉ፤ ኮሚቴውም በራሱ ኮምፒዩተር ይሞክረዋል። እንዲህ ዓይነቶቹ ኮሚቴዎች በብዛት የሚዋቀሩት ከወጣት ተመራማሪዎችና ከዶክትሬት ተማሪዎች መሆኑም መልካም ነው፤ እውነተኛው ተጠቃሚ እነርሱ ናቸውና። ድክመቱ ደግሞ በፈቃደኝነት ላይ መቆሙ ነው። ማስረከብ ያልፈለገ ሰው ከመድረኩ አይከለከልም። ከዚህም ሌላ ኮሚቴው በአብዛኛው የሚሞክረው ባለቤቱ ያቀረበውን ምሳሌ ስለሆነ፣ አዲስ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሰው ፕሮግራሙ ምን እንደሚመልስ ሳይታወቅ ይቀራል።

ለአማርኛ ይህ የመጨረሻው ነጥብ እጅግ አስፈላጊ ነው። በዚያው በ2011 በእስክንድርያ፣ ግብፅ በተደረገ የቋንቋ ቴክኖሎጂ ጉባዔ ማይክል ጋሰር «ሆርንሞርፎ» የተባለውን ፕሮግራም አቀረበ። ፕሮግራሙ የአማርኛን፣ የአፋን ኦሮሞንና የትግርኛን ቃላት ወደ ሥራቸውና ወደ ምዕላዶቻቸው ይተነትናል። «ስላልነገርኋቸው» የሚለው አንድ ቃል ምክንያትን፣ አሉታን፣ ባለቤትንና ተሳቢን በአንድነት መሸከሙን ለሚያውቅ ሰው የሥራው ክብደት አይሰወረውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም መድረክ ደካማ ፈራጅ ነው፤ ቋንቋውን የማያውቅ ተሰብሳቢ በማሳያው ላይ ስሕተት ቢያይ እንኳ ስሕተት መሆኑን አይለይም። የጋሰር ሥራ ከብዙዎቹ የሚሻለው ፕሮግራሙ ለማንም በነፃ መሰጠቱ ነው።

ስለዚህ ፍርዱ ወደ አማርኛ መምህሩ ጠረጴዛ ይመጣል። «ይበላል» የሚለውን ቃል ቢሰጠው ፕሮግራሙ ሁለት መልስ ማምጣት ይኖርበታል፤ «ብ» እና «ል» ሲላሉ ልጁ ይበላል፣ ሲጠብቁ እንጀራው ይበላል፤ ፊደሉ ግን ልዩነቱን አይጽፍም። መምህሩ በመድረክ ተመርጠው ከቀረቡት ቃላት ይልቅ ከአራተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ደብተር፣ ከነሆሄ ግድፈታቸው፣ መቶ ቃላት ለቅሞ ቢያስገባ፣ የትኞቹ እንደሚተነተኑና የትኞቹ ተጥለው እንደሚቀሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያውቃል።