መብራቱን የምታበራዋ ልጅ

በጎታም ከተማ ፖሊስ መምሪያ ጣሪያ ላይ አንድ ትልቅ መብራት ተተክሏል። ሲበራ የሌሊት ወፍ ምስል ደመናው ላይ ያርፋል፤ ባትማንም ያንን አይቶ ይመጣል። ይህን ከፊልሙም ከካርቱኑም ሁላችንም እናውቀዋለን። «ጎታም ሴንትራል» የተባለው ኮሚክ ግን እኛ ጠይቀን የማናውቀውን ይጠይቃል፦ ማብሪያውን የሚጫነው ማን ነው? ፖሊስ አይደለም። መምሪያው ከባትማን ጋር እንደሚሠራ በይፋ ስለማይቀበል የፖሊስ እጅ ማብሪያውን መንካት የለበትም። ስለዚህ ስልክ የምታነሣውና ወረቀት የምታስተካክለው ጊዜያዊ ሠራተኛ ስቴሲ ትጠራለች። ጣሪያው ላይ ትወጣለች፣ መብራቱን ታበራለች፣ ከዚያም ወደ ጠረጴዛዋ ትመለሳለች።

መጽሐፉን የወደድኩት በዚህች ልጅ ነው። 11ኛው ቁጥር ሙሉውን በእርሷ ዓይን የተተረከ ነው።

«ጎታም ሴንትራል» እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በ40 ቁጥሮች የወጣ የዲሲ ኮሚክስ ሥራ ነው። ጸሐፊዎቹ ኤድ ብሩቤከርና ግሬግ ሩካ የመጀመሪያውን ታሪክ አብረው ከጻፉ በኋላ ሥራውን እንደ ፖሊስ ፈረቃ ተከፋፈሉት፤ ሩካ የቀኑን መርማሪዎች፣ ብሩቤከር የማታዎቹን ያዘ። የአብዛኛዎቹ የመጀመሪያ ቁጥሮች ሠዓሊ ማይክል ላርክ ነው። የላርክ ሥዕል አይጮኽም። የተዝረከረከ ጠረጴዛ፣ የደከመ ፊት፣ ጥላ የሞላበት ኮሪደር ይበዛበታል። ባትማን ከስንት አንዴ ብቅ ይላል፤ ሲመጣም ግማሹ ጨለማ ውስጥ ነው፤ ቀና ስትሉ የለም። ኖይር የሚባለው የወንጀል ታሪክ ዓይነት ይህ ነው፦ መርማሪው ንጹሕ ያልሆነበት፣ እውነቱ ቢገኝም ደስታ የማይሆንበት። አስቀድሜ ልናገር፤ መጽሐፉ ለአዋቂዎች የተጻፈ ነው። ደምና ስድብ አለበት፤ የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የማይስማማበትም ሕይወት ይታይበታል። ለታዳጊዎች አልሰጠውም።

የመጀመሪያው ታሪክ እንዲህ ይጀምራል። ማርከስ ድራይቨርና ቻርሊ ፊልድስ የተባሉ ሁለት መርማሪዎች የጠፋች ልጅ ጉዳይ ይዘው በር ያንኳኳሉ። በሩ ሲከፈት ፊት ለፊታቸው የቆመው ሰውን ወደ በረዶ የሚለውጠው ሚስተር ፍሪዝ ነው። ቻርሊ እዚያው ይሞታል። ባልደረቦቹ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ መብራቱን ማብራት ሳያስፈልግ ገዳዩን በራሳቸው እጅ መያዝ። በመጨረሻ ግን መብራቱን ማብራት ግድ ይሆንባቸዋል። ባትማን ይመጣል፤ ፍሪዝ ይያዛል። ማንም እፎይ አይልም። ባትማን ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀላቸው ነበር፤ የሚያሳምማቸው ጥሩ መሆኑ ነው።

ከዚያ የሚቀጥለውን ታሪክ ከዚህ የበለጠ እወደዋለሁ። ድራይቨር ቻርሊ ሳይጨርሰው የሞተውን የልጅቷን ጉዳይ አንሥቶ ይቀጥላል። በመጠየቅ፣ ስልክ በመደወል፣ አንዱን ቃል ከሌላው ጋር በማስተያየት መፍትሔ ያገኝለታል። መብራት አልበራም። እንዲህ ያለውን ሥራ ፊልም አያደርጉትም።

ወደ ቤታችን ልምጣ። ኮንፈረንስ ሲለጠፍ ሁላችንም የምናየው በፖስተሩ ላይ ያለውን አገልጋይ ፎቶ ነው። ነቢዩ መቼ ይደርሳል፣ በየት በኩል ይገባል፣ እጁን በማን ላይ ይጭናል እንላለን። ወንበር የደረደረው ወንድም፣ የድምፅ ገመዱን በሌሊት የዘረጋችው እኅት፣ ዓመቱን ሙሉ ሕፃናትን ያስተማሩት እናት ስማቸው አይነሣም። ተአምርን መናቄ አይደለም፤ ጌታ ዛሬም ይፈውሳል ብዬ የማምን ነኝ። ግን ነህምያ ምዕራፍ 3ን ስታነቡ ልብ በሉ፤ ብዙዎቻችን ስም ይበዛዋል ብለን የምንዘልለው ምዕራፍ ነው። አንጥረኛው፣ ሽቶ ቀማሚው፣ ከሴቶች ልጆቹ ጋር የሠራው ሰው፣ እያንዳንዱ በቤቱ አንጻር ያለውን ቅጥር ሲሠራ በስሙ ተጽፏል። «ጎታም ሴንትራል»ን የጻፉት ሰዎች ያንን ምዕራፍ አንብበውት እንደሆነ አላውቅም፤ የሠሩት ሥራ ግን ይመስለዋል።

25ኛው ቁጥር ላይ ኮሚሽነር ኤኪንስ መብራቱን ከጣሪያው ላይ ያስነሣዋል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ሁሉ፣ የመጽሐፉ ትልቁ ጉዳት ጭምር፣ መብራት በሌለው ጣሪያ ሥር የሚሆን ነው።

የጉዳቱ ሥር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው የተተከለው። የቀኑ ፈረቃ መርማሪ ክሪስፐስ አለን በተኩስ ልውውጥ ሰው ይገድላል። ጥፋት እንደሌለበት የሚያስረዳለት ጥይት ግን ከማስረጃው መካከል ይጠፋል። የወሰደው ከወንጀል ቦታ ዕቃ እየሰረቀ የሚሸጥ ጂም ኮሪጋን የሚባል የመምሪያው ባልደረባ ነው። የአለን የሥራ ጓደኛ ረኔ ሞንቶያ ኮሪጋንን ደብድባ ጥይቱን ታስመልሳለች፤ አለንም ነጻ ይወጣል። አንባቢው «ደግ አደረገች» ይላል። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን በዚያ ድብደባ ምክንያት በኮሪጋን ላይ ሊቀርብ የነበረው ክስ ይበላሻል፤ ሌባው ሥራው ላይ ይቆያል። አለን ይህን ሲያውቅ በምስጢር ማስረጃ መሰብሰብ ይጀምራል። ኮሪጋንም ይገድለዋል። ሞንቶያ ጓደኛዋን ያዳነችበት ቡጢ ዞሮ ዞሮ ጓደኛዋን ገደለው። ጸሐፊው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይነግረንም፤ ቁጥሮቹን ወደ ኋላ ገልጣችሁ ራሳችሁ ታገናኙታላችሁ። በመላው መጽሐፍ ውስጥ እንደዚህ ያስደነገጠኝ ነገር የለም።

ኮሪጋን በነጻ ይሄዳል። ሞንቶያ ሽጉጥ ይዛ ቤቱ ድረስ ትሄድበታለች። አፈሙዙን ትደቅንበታለች፤ ቃታውን ግን መሳብ ያቅታታል።

እዚህ ላይ ዳዊትን በዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ አሰብኩት። ሳኦል እጁ ላይ ወድቆለታል፤ ሰዎቹም ይገፋፉታል፤ እርሱ ግን የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ፣ ለዚያም እንኳ ልቡ መትቶት ይወጣል። ሁለቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። ነገር ግን ዳዊት ሲወጣ ፍርዱን ለእግዚአብሔር አስረክቦ ነው። ሞንቶያ የምታስረክብለት የላትም። ፍርድ ቤቱ ከድቷታል፤ ኮሚሽነሩ መብራቱን አስነሥቶታል፤ ስለ ሰማዩም መጽሐፉ ምንም አይልም። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን መጨረሻ ተስፋ የሌለው ብለው ይነቅፉታል። እኔ ግን ጸሐፊው ሐቀኛ ነው እላለሁ፤ በእጁ የሌለውን ተስፋ እንዳለው አስመስሎ አልጻፈም። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። የአለን ሚስትና ልጆች አሉ፤ ታሪኩ ግን ኀዘኑን በሙሉ ለሞንቶያ ቁጣ ሰጥቶ እነርሱን ዳር ያቆማቸዋል። የመብራቷን ልጅ ለማየት ዓይን የነበረው መጽሐፍ ይህችን መበለት ሊያልፋት አይገባም ነበር።

ሞንቶያ ሥራዋን ትለቃለች። 40ኛው ቁጥር እዚያ ላይ ያበቃል።