እውነትና ንጋት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የምትለዋን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። እኔማ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን በፈተና ላይ ስንት ጊዜ እንዳወጣኋት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። «ተንትኑ» እላለሁ። ተማሪዎቼም «እውነት ለጊዜው ቢደበቅ ተደብቆ አይቀርም፤ ጊዜ ያወጣዋል» ብለው ይጽፋሉ። ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ። ዛሬ ያንን ማርክ ልቀንስ ነው የመጣሁት፤ ከተማሪዎቼ አይደለም፣ ከመምህራቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ገብቼ የጋዜጣ ጽሑፌ እስኪታተምልኝ ተቀምጫለሁ። ከአጠገቤ አንድ ራፖር ጸሐፊ የአንዲት እናትን ወረቀት ያገላብጣል። ሴትዮዋ ከዳባት ገጠር የመጡ ናቸው። የፍርዱን ግልባጭ በፌስታል፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ነው ያመጡት። ልጃቸው በሰው መግደል 18 ዓመት ተፈርዶበት ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከመሰከሩበት ሁለት ሰዎች አንዱ ግን በቅርቡ ማኅበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ ከቦታው አልነበርሁም፤ በል ያሉኝን ነው ያልሁት» ብሏል አሉ።

«እማማ፣ ይግባኙ እኮ አልቋል» አላቸው ራፖር ጸሐፊው።

«ሰበርስ?»

«ሰበር የሕግ ስህተት ነው የሚያይ። ምስክር ዋሸ ብለው ቢሄዱ ይኼ የፍሬ ነገር ክርክር ነው ብሎ ይመልስዎታል።»

«ታዲያ ወዴት ልሂድ?»

«ይቅርታ ይጠይቅ። አጥፍቻለሁ፣ ተጸጽቻለሁ ብሎ ይጻፍ። ጠባዩ ጥሩ ከሆነ ሊፈታ ይችላል።»

ሴትዮዋ ትንሽ ዝም አሉ። «ላልሠራው እንዴት አድርጎ ይጸጸት?»

ራፖር ጸሐፊው መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ግልባጩን ግን አስፈቅጄ አነበብሁት። ከምስክሮቹ አንዱ «ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በጨረቃ ብርሃን ለይቼ አይቸዋለሁ» ብሏል። አንብቤ መለስሁላቸው። «አይዞዎት እናቴ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አልኋቸው። አዎ፣ እኔው ራሴ። እሳቸውም «አሜን» ብለው የዳባት መኪና ሳያመልጣቸው ወጡ።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ልጁ ንጹሕ ነው አላልሁም፤ አላውቅም። እናት ስለ ልጇ ትከራከራለች። ማኅበር ላይ ተናገረ የተባለው ሰውም ያን ጊዜ እውነት ተናግሮ ዛሬ በዘመድ ተለምኖ ይሆናል። ሁለተኛው ቃሉ ከመጀመሪያው ይበልጣል የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ካልተመረመረ በስተቀር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ማን ይመርምረው? ፖሊሱ መርምሮ ጨርሷል። ዐቃቤ ሕጉ ከሶ ረትቷል። ጠበቃው ፍርዱ እስኪሰጥ ቆሟል። ዳኛው መዝገቡን ዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት መልሷል። ሁሉም ሥራቸውን ጨርሰዋል። ያላለቀ ሥራ የቀረው እናትዮዋ እጅ ላይ ነው፣ በፌስታል።

ራፖር ጸሐፊውም አልተሳሳተም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 ለሰበር የሰጠው ሥልጣን መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ማረም ነው። ምስክሩ ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም የሚለው ከዚያ ውጭ ነው። ይቅርታም ቢሆን የጥፋተኛ በር ነው፤ የጠያቂው መጸጸት ይመዘንበታል። የሚገርመው ሌላው ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 6 ላይ፣ በሁኔታዎች ተወስኖም ቢሆን፣ ከፍርድ በኋላ ሐሰተኛ ሰነድ፣ የሐሰት ምስክርነት ወይም ጉቦ እንደነበረ ሲታወቅ ነገሩ እንደገና እንዲታይ በር ከፍቷል። ከእሱ አራት ዓመት ቀድሞ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በሌለበት ለተፈረደበት ሰው ካበጀው መንገድ በቀር ለእንዲህ ያለው ነገር በር አላበጀም። ፍርድ ቤቶቻችን ከ60 ዓመት በላይ የሠሩበት ሕግ ነው። ጎበዝ፣ እስቲ አስቡት! በሐሰት ምስክር አንድ ጥማድ መሬት የተወሰደበት ሰው «እንደገና ይታይልኝ» ይላል። በሐሰት ምስክር 18 ዓመት የተወሰደበት ሰው «ተጸጽቻለሁ» ይላል።

በሌላው ዓለም ይህን ያላለቀ ሥራ እንጀራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጂም ማክሎስኪ የሚባል አሜሪካዊ የነገረ መለኮት ተማሪ ለአገልግሎት ወደ እስር ቤት ሲመላለስ አንድ እስረኛ «ንጹሕ ነኝ» አለው። ሰውዬው ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቋርጦ ምስክሮቹን በየቤታቸው እያንኳኳ ፈለገ። እስረኛው በ1983 ተፈታ። ማክሎስኪም በዚያው ዓመት ለዚሁ ሥራ ድርጅት አቋቋመ። በ1992 ደግሞ ባሪ ሼክና ፒተር ኑፌልድ የተባሉ ሁለት ጠበቆች ኒው ዮርክ ውስጥ የሕግ ተማሪዎችን ይዘው የዘር ምርመራን፣ ዲኤንኤ የሚሉትን፣ ለዚህ ሥራ አዋሉት። እንግሊዞች ስድስት ሰዎች በበርሚንግሃም ፍንዳታ ሰበብ 16 ዓመት ያለ ጥፋታቸው መታሰራቸው ሲጋለጥ አፍረው፣ የተዘጋ መዝገብ የሚመረምር ኮሚሽን በሕግ አቋቁመው በ1997 ሥራ አስጀመሩ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍሉ በኩል ከ2008 ጀምሮ የእስረኞችን ጉዳይ አስመርምሯል።

ዲኤንኤ ሲባል «ይኼ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1989 ወዲህ ንጹሕ መሆናቸው ተረጋግጦ የተፈቱ ከ3500 በላይ ሰዎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹን ነፃ ያወጣቸው የዘር ምርመራ አልነበረም። ከስህተቶቹ መንሥኤዎች ሁሉ በብዛት የሚታየውም የሐሰት ምስክርነትና የሐሰት ክስ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ላቦራቶሪ ሳይሆን እግርና ጥያቄ ነው።

ጥያቄውንም ቢሆን ከውጭ የምናስመጣው አይደለም። መጽሐፈ ሶስናን ያላነበበ የጎንደር ሊቅ የለም። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች በሶስና ላይ በሐሰት መሰከሩ፤ ጉባኤው አመናቸው፤ የሞት ፍርድ ተፈረደባት። ልትገደል ስትወሰድ ብላቴናው ዳንኤል አስቆማቸው። ሽማግሌዎቹን ለየብቻ አድርጎ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?» አላቸው። አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። ሶስና ተፈታች። እኛ ይህን ስንሰማ ያደግነው እንደ ተአምር ነው፤ እኔም ያስተማርሁት እንደ ትረካ ነው። ጸሐፊው ግን ከተአምሩ በላይ አሠራሩን በጥንቃቄ ነው ያስቀመጠው። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ እንኳ ጉዳዩ ተመለሰ። ምስክሮች ተለያዩ። ሊጣራ የሚችል አንድ ተራ ነገር፣ አንድ ዛፍ፣ ተጠየቀ። «እውነት እያደር ይጠራል» ብሎ ዳንኤል ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ሶስና አታድርም ነበር።

በእኛ ደጋ ይህ ሥራ ቀላል ነው አልልም። ከደባርቅ ወዲያ ጃናሞራና በየዳ ድረስ አንድ ምስክር ለማግኘት ገደል ወርዶ ገደል መውጣት አለ። ደም የተቃቡ ወገኖች ባሉበት ቀበሌ «ዋሽቼ ነበር» ማለት የሟችን ዘመዶች መጋፈጥ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በሐሰት የመሰከረን ይቀጣልና ሰውዬው በአንድ በኩል ጥይት፣ በሌላ በኩል እስር ይጠብቀዋል። ታዲያ ማኅበር ላይ በጠላ ኃይል የወጣች እውነት በማግሥቱ ብትካድ ምን ይገርማል? የመንደሩም ሰው ቢሆን «መቼም ያለ ነገር አላሰሩትም» ብሎ ፍርዱን ከዳኛው ቀድሞ ጨርሷል። እኛ ጋዜጠኞችም ከመንደሩ ሰው አንሻልም። ሰው ሲያዝ እንጽፋለን፤ ከተፈረደበት በኋላ መዝገቡን የሚያነብ አምደኛ አላየሁም፣ እኔን ጨምሮ።

ጅምር የለም ማለቴ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ ሊጓደልበት በሚችልበት ጊዜ ከመንግሥት ጠበቃ እንዲያገኝ ደንግጓል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ለድሆች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። እኔ የምለው፣ ከሕግ ተማሪዎቹ ጥቂቶቹ፣ ከጋዜጠኝነትም ጥቂቶቹ፣ በዓመት አንዲት የተዘጋች መዝገብ ቢሰጧቸውስ? መዝገቧን ያንብቡ። ቦታው ድረስ ይሂዱ። ምስክሩ ቆሞ ነበር ከተባለበት ይቁሙ። ልጁ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ ይኸው ተጣራ፤ እናትየውም ቁርጧን ታውቃለች። እንደገና የሚያይ የሕግ በር ሲከፈትም ይዞ የሚገባ ሰው ይኖራል። በር ቢከፈት ገቢው ከሌለ ምን ይረባል?

ይህን ሁሉ ያሰብሁት ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ነው። ያን ምሽት ቤቴ ቁጭ ብዬ አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት በ1858 ስለተሟገተለት ሰው ያነበብሁት ትዝ አለኝ። ምስክሩ «በጨረቃ ብርሃን አየሁ» ብሎ ነበር። ሊንከን የዘመን መቁጠሪያ አውጥቶ ጨረቃዋ በዚያ ሰዓት ልትጠልቅ ተቃርባ እንደነበር አሳየ፤ ተከሳሹም በነፃ ተሰናበተ። ያኔ ክው አልሁ። ለካ የዳባቷ እናት ወረቀት ላይም ጨረቃ ነበረች! ጎንደር ደግሞ የባሕረ ሐሳብ አገር ናት። ቀኑ ከተነገረው፣ በዚያች ሌሊት ጨረቃዋ ስንተኛ ቀኗ እንደነበር ቆጥሮ የሚነግረኝ ሊቅ እዚሁ ሰፈሬ አለ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ዳባት ወጥቶ ሸንተረሩ ይጋርድ እንደሆነ ማየት ብቻ ነው። እኔ ግን ቀኑን አልያዝሁትም።

በማግሥቱ ወደ ሱቋ ሄድሁ። ራፖር ጸሐፊው ምንም ስላልጻፈላቸው ኮፒ አላስቀረም፤ ስማቸውንም አላስታወሰው። ሁለት ቅዳሜ ጠበቅኋቸው፤ አልመጡም።

በዚያች ሌሊት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጨረቃ ነበረች ወይስ አልነበረችም? ቀኑ በእጁ ላለ ሰው ዛሬም ቢሆን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ወዲህ ስንት ሌሊት አደረ። አልጠራም።